ሲሻላት አምጫት

አንድ አገር ነበረ። ስሙን አልነግራችሁም። ብነግራችሁ አንዱ ተነሥቶ «እኔ እኮ የዚያ አገር ሰው ነኝ» ይላል፣ ሌላው «እኔም!» ይላል፣ ከዚያ ተረቱ ይቀርና ስብሰባ ይሆናል። ብቻ ሩቅ ነው በሉ። በበቅሎ ብትነሡ በቅሎዋ መንገድ ላይ ወልዳ፣ የወለደችውም አርጅቶ ነው የምትደርሱት። በቅሎ መቼ ትወልዳለች የምትሉ ካላችሁ ርቀቱ ገብቷችኋል ማለት ነው።

በዚያ አገር በሽታ የለም። በሽተኛ ግን ሞልቷል።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። የጎረቤት አገር ንጉሥ መልእክተኛ ሰደደና «ነጋዴዎቻችሁን ያዙልን፤ አገራችሁ ትኩሳት ገብቷል አሉ» አለ። ንጉሣችን፣ ይቅርታ፣ ንጉሣቸው ይህን ሲሰማ ፊቱ በርበሬ መሰለ። ትኩሳቱ ከየት እንደመጣ የማያውቅ አልነበረም። የንጉሡ ፈረሶች የሚታጠቡበት ኩሬ ነው ወደ መንደሮቹ ምንጭ የሚወርደው። ፈረሶቹን ከምንጩ በታች ማጠብ ይቻል ነበር። ግን ፈረስ ማዛወር ድካም አለው፤ ቃል ማገድ ይቀላል። ነጋሪት ተጎሰመ። «ከዛሬ ጀምሮ በአገራችን በሽታ የለም! ‹አመመኝ› የሚል አፍ የጠላት አፍ ነው!» ተባለ። ፈረሶቹም እዚያው ኩሬ ውስጥ እያሽካኩ መታጠባቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ ወዲያ የደህና ሹሞች የሚባሉ ተሾሙ። ሥራቸው ጎሕ ሲቀድ በየደጁ ቆሞ ሰላምታ መስጠት ነው።

«እንዴት አደራችሁ?»

«ደህና።»

«ልጆቹ?»

«ደህና።»

«ከብቱስ?»

«ደህና።»

አህያ እግሯን ሰቅላ ደጃፍ ላይ ተንጋላለች፣ ዝንብ ዓይኗ ላይ ገበያ ቆሟል፤ «አህያዋስ?» ይላል ሹሙ። «ደህና ናት ጌታዬ፣ አረፍ ብላ ነው» ይላል ባለቤቷ። ሹሙም እግሯን ተራምዶ ወደሚቀጥለው ቤት ያልፋል።

ለነገሩ ያ ሕዝብ ድሮም ቢሆን «ደህና» ማለት አይቸግረውም። ጦር ሆዱ ላይ ተሰክቶ «እንዴት ነህ?» ብትሉት «ደህና፣ ተመስገን! እናንተስ? ልጆች እንዴት ናቸው?» ይላችኋል፣ እሱ በተናገረ ቁጥር ጦሩ ወዲያ ወዲህ እያለ። ጨዋነት ነው። ንጉሡ የሠራው አዲስ ነገር ቢኖር ያንን ጨዋነት ወስዶ ልጓም ማድረጉ ነው።

«አመመኝ» ያለ ሰው አፉ በእርጥብ ቆዳ ይታሰራል። ቆዳው እየደረቀ ይጠብቃል። «ደህና ነኝ» እስኪል ድረስ አይፈታም። አንድ ሰው «አፉ ታስሮ እንዴት ብሎ ነው ‹ደህና ነኝ› የሚለው?» ብሎ ጠየቀ። እሱም ታሰረ።

ሰዉ ታዲያ ዘዴ አበጀ። ማነከስ እስክስታ ተባለ። መንቀጥቀጥ ያለበት «ዘፈን ትዝ አለኝ» ይላል። ሳል ደግሞ ሳቅ ሆነ። ሰው ሲያስለው ሹሙ ቆም ይልና «ምን ያስቅሃል?» ይለዋል፤ ያኛውም ደረቱን ይዞ፣ ደሙን እየዋጠ፣ «አንድ ነገር ትዝ ብሎኝ ነው ጌታዬ» ይላል። ሙሉ መንደር ሲስቅ የሚያድርበት ጊዜ ነበር። መንገደኛ ከሩቅ ሰምቶ «ምን ዓይነት የተባረከ አገር ነው!» ብሎ ያልፋል።

አሁን ወደ ገደሉ እንምጣ። ሕጉ የሚያውቀው ሦስት ዓይነት ሞት ብቻ ነው፤ እርጅና፣ መብረቅ፣ ገደል። ሕፃን አርጅቶ ሞተ አይባል። መብረቅ በበጋ ከየት ይምጣ? የሚቀረው ገደል ነው። አገሩ ግን እንደ መዳፍ ሜዳ ነው፣ ገደል ቢፈለግ የለም። መንግሥት አስቆፈረ! የመንግሥት ገደል። ሹም ተሾመለት፤ ሰው እንዳይገባበት ዘበኛ ቆመለት። በትኩሳት የሞተ ሁሉ እዚያ ተወስዶ ይወረወራል፣ በገመድ ይጎተታል፣ ከዚያ «ገደል ገብቶ ሞተ» ተብሎ ይቀበራል። ገና ያልዳኸ ሕፃን ገደል ገባ። ከአልጋዋ ሳትወርድ ዓመት ያለፋት አሮጊት ገደል ገባች። አጥንታቸው ዳግመኛ እየተሰበረ ወደ አፈር ሄዱ። ሳቁ፣ ሳቁ እንጂ! እኔ ሳወራው ያስቃል። እዚያ አፋፉ ላይ ቆማችሁ ብትሰሙት ግን፣ ያንን ድምፅ ብትሰሙት፣ ድንጋይ ታነሡ ነበር።

በዚህ አገር ጠጂቱ የምትባል ሴት ነበረች። ገመድ እየገመደች ትኖራለች። ባሏ ሲስቅ ከርሞ አምና ገደል ገብቷል። ሲጎትቱት እግሩ ከጉልበቱ ዞሮ ወደ ኋላ ያይ ነበር። የተጎተተበትን ገመድ የገመደችው እሷ ናት። ያን ቀን ቤቷ ገብታ ለአንድ ልጇ ለስንዱ «አንቺን እዚያ አላስገባሽም» አለቻት። ልጅቷ ምን እንደሆነ አልገባትም፤ እሺ አለች። ስንዱ የደህና ሹሞችን አካሄድ እየኮረጀች፣ ሆዷን ነፍታ፣ ዶሮዎቹን «እንዴት አደራችሁ?» የምትል ልጅ ነበረች። ዶሮዎቹ መልስ ሳይሰጧት ሲሄዱ «ይታሰሩ!» ትላለች። ሰፈሩ እውነተኛ ሳቅ የሚስቀው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ጠዋት ስንዱ ዶሮዎቹን ሰላም ሳትል ቀረች። ሹሙ መጣ፤ «ልጅሽስ?» አለ። ጠጂቱ እንደ ፍም የሚፋጀውን ግንባር በክንዷ ከልላ «ደህና» አለች። ሹሙ እንዳለፈ ጎረቤቷ ጋሽ ድንበሩ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቱን አስገባ። በሰፈሩ ከእሱ በላይ የሚስቅ ሰው የለም፤ ሳንባው ግማሹ በሳቅ አልቋል።

«ልጅቷ ምን ሆነች?»

«ሞቃት።»

«በጣም?»

«እሳት ናት ጋሼ።»

«ተነሺ፣ ቤተ ጤና እንውሰዳት።»

«በሩ ላይ ያለውን ግንድ ማን ይዘልላታል? ራሷን እንኳ አታቀናም።»

«እንለምናለን።»

«ማንን፣ ግንዱን ነው በረኛውን?»

«ከሁለቱ ልብ ያለው የትኛው እንደሆነ ደርሰን እናያለን» አለና ልጅቷን አዘላት።

ቤተ ጤና ማለት ንጉሡ ለእንግዳ መልእክተኞች ማሳያ ያሠራው ነጭ ቤት ነው። እውነት እንነጋገር፤ መድኃኒቱ መድኃኒት ነው። ቀይ፣ መራራ፣ ትኩሳትን በአንድ ጉንጭ የሚሰብር። ችግሩ በሩ ላይ ነው። በሽታ በሌለበት አገር ቤተ ጤና ውስጥ በሽተኛ ከተገኘ ንጉሡ ዋሸ ማለት ነው፤ ስለዚህ የሚታከመው ጤነኛ ብቻ ነው። በሩ ላይ ትልቅ ግንድ ተጋድሟል። ግንዱን የዘለለ ይገባል፣ መድኃኒት ይጠጣል። ያልዘለለ ይመለሳል። ለሹማምንት የተለየ ግንድ አለ፤ እሱ አውራ ጣት ያክላል፣ እሱንም አሽከር ደግፏቸው ነው የሚሻገሩት።

በረኛው አለንጋውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቆሟል። ሰልፉ ረጅም ነው። ተራቸው ሲደርስ ወደ ልጅቷ በአገጩ አመለከተ።

«ትዝለል!»

«የኔ ወንድም፣ ሕፃን እኮ ናት» አለች ጠጂቱ።

«ዕድሜ ጠየቅኩ? ትዝለል!»

አቆሟት። ጉልበቷ እንደ እርጥብ ጨርቅ ታጠፈ። እንደገና አቆሟት። እንደገና ታጠፈ።

«ዛሬ መዝለል አላማራትም» አለ በረኛው። ክፉም አልመሰለ፤ የተማረውን ነው የሚናገር። «ሲሻላት አምጫት።»

«ሲሻላት ምን ልትሆን?»

«ልትታከም ነዋ!»

ጋሽ ድንበሩ ከኋላ «ልጄ፣ አንተስ ስትወለድ ግንድ ዘለህ ነው የወጣኸው?» አለ። ሰልፉ ሳቀ፤ ከሳቁ ግማሹ ሳል ነበር።

«ሽማግሌ፣ ሳቅህ በዝቷል! ቆዳውን እንዳላመጣልህ!»

ጠጂቱ አልሰማችም። መቀነቷን ጠበቅ አደረገችና ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ዘለለች። ግንዱን ብቻ ነው የምላችሁ? በረኛውንም ልትዘለው ትንሽ ቀራት። ሚዳቋ ብታያት ኖሮ ሥራዋን ትለቅላት ነበር።

ውስጥ ሐኪሙ «እንዴት ነሽ?» አላት።

«ደህና።»

«እንግዲያው ጠጪ። እዚሁ ፊቴ ነው የሚጠጣው፤ ይዞ መውጣት ክልክል ነው። ውጪ የታመመ አለ ያሰኛል።»

ጽዋውን ተቀብላ ወደ አፏ ገለበጠችው። አልዋጠችውም። ጉንጯ ተነፋ። ሐኪሙ ጉንጯን አየ። ከዚያ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረና ግድግዳውን መረመረ፣ ግድግዳው የታመመ ይመስል። ጠጂቱ ወጣች።

ልጅቷ ያለችው ከግንዱ ማዶ ነው። ድንጋይ ቢወረወር ይደርሳል። ግን መውጫው ላይ፣ ጃንጥላ ተይዞለት፣ የደህና ሹሞች ሁሉ አለቃ ሊቀ ደህና ወንዳፍራሽ ተቀምጧል። ታክሞ የወጣ ሁሉ ለእሱ ሰላምታ መመለስ አለበት።

«እንዴት ዋልሽ?» አላት።

ጠጂቱ እጅ ነሣች።

«እንዴት ዋልሽ፣ ነው የምልሽ?»

አሁንም ጎንበስ አለች፣ መሬት እስክትነካ።

«አንገት አልጠየቅኩም። ቃል ነው የጠየቅኩት።»

ጋሽ ድንበሩ ከማዶ ጮኸ፤ «ጌታዬ፣ ደህና ናት! እኔ ምስክሯ ነኝ!»

«አንተን ማን ጠየቀህ? አፏ የት ሄደ?»

«እርስዎን ስታይ ከደስታ ብዛት ቃል አጥሯት ነው እኮ!»

ሊቀ ደህና ይህ ደስ አለው። ጢሙን ዳበሰ። «እንግዲያው ቃሉ እስኪመጣላት እንቆያታለን» አለና እግሩን አነባበረ። «ልጆችሽስ እንዴት ናቸው? ባልሽስ? ከብትሽስ? አዝመራው እንዴት ነው?» ሁሉንም ረጋ ብሎ፣ አንድ በአንድ፣ እንደ ጥሩ ዘመድ። ጠጂቱ መድኃኒቱ ምላሷን ይልጣታል። ምራቋ እየተቀላቀለ ጉንጯን ይወጥረዋል። ዓይኗ ማዶ ነው፤ የስንዱ ራስ በጋሽ ድንበሩ ትከሻ ላይ እንደተቀጠፈ ቅል ይወዛወዛል። ለመሮጥ ተነሣች። በረኛው ነጠላዋን ያዘ። አንድ ሹም እርጥቡን ቆዳ ይዞ መጣ።

ሊቀ ደህና ተነሥቶ ቀረበና አንድ ጣቱን ከአገጯ ሥር አደረገ። «አንድ ቃል እኮ ነው፣ እናቴ። ሕፃን እንኳ ይለዋል።»

አፏን ሳትከፍት ልትለው ሞከረች። «ምህ... ም» አለች።

«አልተሰማም።»

ቆዳው ከታሰረ ቢፈጥን ማታ ነው የሚፈታው። ልጅቷ እስከ ማታ አትደርስም። ጠጂቱ አፏን ከፈተች።

«ደህና» አለች።

ቀዩ መድኃኒት በአገጯ ወርዶ፣ በአንገቷ ወርዶ፣ ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ።

«እሰይ! አያችሁ? ደህና ናት!» አለ ሊቀ ደህና። ሹሞቹ አጨበጨቡ።

ጠጂቱ ግንዱን እንዴት እንደተሻገረችው አላወቀችም። አገጯን በጣቷ ጠርጋ፣ ቀሚሷን ጨምቃ፣ የቀረችውን ጠብታ ልጅቷ አፍ ውስጥ አደረገች። ስንዱ ጣቷን ጠባችው። ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «መራራ ነው፣ እማ» አለች። ያቺ ጠብታ ግን የዝንብ ትኩሳት እንኳ አትሰብርም።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ጋሽ ድንበሩ መንገድ መካከል ቆመ። ጀርባው ላይ ያለው ነገር ክብደቱን ለወጠ። አልሳቀም። አልሳለም። ጠጂቱም ሳትጠይቀው ገባት።

ሬሳ ከመቀበሩ በፊት ገደሉ ዘንድ መቅረብ አለበት። የገደሉ ሹም ራሱ በዚያው ሳምንት ሲስቅ ከርሞ ገደል ስለገባ፣ ሊቀ ደህና ወንዳፍራሽ ነበር በምትኩ የተቀመጠው። ሰፈሩ ሁሉ ተከትሎ መጣ። ዘበኞቹ ገመዱን አዘጋጁ። ጠጂቱ ልጇን በነጠላዋ ጠቅልላ ደረቷ ላይ ይዛለች፤ ክንዷን ማንም ሊያላቅቃት አልቻለም።

«ሟች በምን ሞተች?» አለ ሊቀ ደህና። ሕጉ ነው፤ ቤተ ዘመድ በራሱ አፍ «ገደል ገብታ» ማለት አለበት፤ ከተባለ በኋላ ይወረወራል።

ጠጂቱ ነጠላውን በልጇ እግር ላይ አጠበቀች።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሆነሻል?» አለ ፈገግ ብሎ። «ዛሬ እንኳ ጉንጭሽ ባዶ ነው።»

አያችሁት? ያን ቀን ያውቅ ነበር። ጉንጯ ውስጥ ምን እንዳለ፣ ለማን እንደሆነ፣ ማዶ ማን እንደሚጠብቃት እያወቀ ነው ስለ አዝመራ የጠየቃት! እዚህ ላይ እኔ ቀልድ የለኝም። ፈልጌ አጣሁ።

ጠጂቱ ቀና ብላ አየችው።

«በደህና» አለች።

«ምን አልሽ?»

«በደህና ሞተች።»

ሊቀ ደህና ጃንጥላ ያዡን አየ። ጃንጥላ ያዡ መሬት አየ። ከሹማምንቱ አንዱ ቀስ ብሎ «‹ደህና› ነው ያለችው ጌታዬ፤ ክፉ ቃል የለበትም» አለ። ሊቀ ደህና ቃሉን በአፉ አመላለሰው። በ-ደህና። ደህና ሆና። ሳትታመም፣ ሳትሰቃይ። ፊቱ እየበራ መጣ።

ጋሽ ድንበሩ ግን ገብቶታል። በጦር ሞተ ይባላል፤ የገደለው ጦሩ ነው። በመብረቅ ሞተ ይባላል፤ የገደለው መብረቁ ነው። ደረቱን ደቃ፣ ከዚያ ከተረፈችው ሳንባ ድምፅ አወጣ።

«ሌላ አገር በጦር ነው፣ በረሃብ ነው ገና፣
የኛማ ይለያል፣ ሞተች በደህና።»

አልቃሾቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ ተቀበለች። ሌላዋ ተቀበለች። ወዲያው ሜዳው በሙሉ «ሞተች በደህና!» ይል ጀመር፣ ደረቱን እየመታ፣ ዓይኑን ከሊቀ ደህና ላይ ሳይነቅል። ሊቀ ደህናም አገሩ ሲመሰገን የሰማ መስሎት በከዘራው መሬቱን ይመታላቸው ጀመር።

ገመድ የያዘው ዘበኛ ግራ ገባው። «ታዲያ ትወርወር ወይስ?»

ጋሽ ድንበሩ ቀደመ፤ «በደህና የሞተችን ልጅ? ደህናን ገደል ልትከት ነው እንዴ፣ አንተ?»

ዘበኛው ገመዱን እንደ እባብ ጣለው። ሊቀ ደህና ጥቂት አሰበ። ደህናን ገደል የከተተ ሹም ንጉሡ ፊት ምን ይላል? «ትቀበር» አለ፤ «እንዳለች ትቀበር።» ስንዱ ተቀበረች። አንዲት ጣቷ እንኳ አልተሰበረችም።

ቃሉ ግን አልተቀበረም። በሚቀጥለው መንደር የሞተው በደህና ሞተ። ከዚያ በላይ ባለው መንደርም እናትና ልጅ በደህና ሞቱ። ገደሉ ሥራ ፈታ፣ ዘበኞቹ አፋፉ ላይ ገበጣ ይጫወቱ ጀመር። ሹማምንቱ በየአደባባዩ «ሕዝባችን በደህና እያለቀ ነው!» ብለው ተናገሩ። ሰዉም አጨበጨበላቸው፤ መዳፉ እስኪቀላ፣ ጥርሱን ነክሶ።

ዝናው ቤተ መንግሥት ደረሰ። ንጉሡ «ያንን ለቅሶ ፊቴ ይባልልኝ» አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ሊቀ ደህና ወንዳፍራሽ ጃንጥላውን አስይዞ ጠጂቱ ደጅ መጣ። ጋሽ ድንበሩ በአጥሩ ቀዳዳ አንገቱን አስገባ። ከኋላው ሌላ አንገት፣ ከዚያም ሌላ። አጥሩ አንገት አፈራ ብል ትቀበሉኛላችሁ።

«ዜማውን አስተምሪኝ» አለ ሊቀ ደህና። «ነገ ንጉሡ ፊት የማወርደው እኔ ነኝ።»

ጠጂቱ የምትገምደውን ገመድ አስቀመጠች። መቀመጫ አላቀረበችለትም።

«ይበሉት እስቲ።»

«ሞተች በደህና።»

«አይ ጌታዬ። ‹በ›ዋን ዋጧት። ‹በጦር› ሲሉ እንደሚያነሷት አድርገው ያንሷት።»

«ሞተች በደህና።»

«ጮክ ይበሉ። ደረትዎን ይምቱ።»

ደረቱን መታ። ላቡ በጢሙ ወረደ። «ሞተች በደህና! እንዲህ ነው?»

«ማን እንደሞተች እያሰቡ ይበሉት።»

«ማን ናት?»

«ስንዱ።»

«ስንዱ ሞተች በደህና!» አለ፣ አጥሩ እስኪነቃነቅ። ከዚያ አፉን በእጁ ጀርባ ጠረገና «አሁንስ ገባኝ» አለ።

«አልገባዎትም» አለችው። «እንደገና።»